የቦሬ ቁልቁለት ምስክር

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የገዛ እናቴን በሰው ፊት አጋልጬ ሰጠኋት። እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ለብዙ ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት «የበደላችሁትን ለጌታ ንገሩት» በተባልን ቁጥር የምነግረው ይህችኑ አንዲት በደል ነበር፤ ጌታንም ሳላሰለቸው አልቀረሁም።

ነገሩ የተጀመረው በአጎቴ በጂሎ ቮልስ ነው። ጂሎ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ነገሌ ቦረና ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ነበረው። የሰውን መኪና ለከሰዓት አደርሳለሁ ብሎ በሳምንቱ የሚያደርስ፣ ለራሱ ቮልስ ግን እንቅልፍ የሌለው ሰው ነበር። ወንበሮቿን ነቅሎ ጥሎላታል፤ ጣሪያዋን ከውስጥ በብረት ቧንቧ ደግፎላታል፤ ቢጫ ቀለም ቀብቶ በሯ ላይ ትልቅ ቁጥር 4 ጽፎላታል። ለምን አራት እንደሆነ ስጠይቀው ክብ ነገር መሣል ስለማይሆንለት መሆኑን ሳያፍር ነገረኝ።

በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሐዋሳ የመኪና ውድድር እንደሚደረግ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ችግሩ ቮልሷ ራሷን ችላ ሐዋሳ አትደርስም። መብራት የላት፣ ሰሌዳ የላት፤ ሞተሯም ጂሎ ከነካካት ወዲህ ለግማሽ ሰዓት ሩጫ እንጂ ለሁለት ቀን መንገድ አትሆንም። ስለዚህ ከተጣለ የወታደር መኪና ጎማና እግር ፈልቅቆ ተጎታች በየደላት። የቀረው የሚጎትት መኪና መግዛት ነበር፤ ለዚህም ሦስት ወይፈኖች ሸጠ።

እኔ ምርጫው ያለቀ መስሎኝ ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ የሚሸጥ ነጭ ፒክአፕ ነበረው። ጎኑ ላይ ቀይ መስመር፣ ግንባሩ ላይ አራት ተጨማሪ መብራት፣ ውስጡ ደግሞ ከሩቅ የሚሰማ ቴፕ ነበረው። በሰፈራችን ሲያልፍ ያልተከተለው ልጅ የለም። አጎቴ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ቮልሷ ከኋላ እየተከተለችን ሐዋሳ ስንገባ በዓይነ ኅሊናዬ ጨርሼ አይቼዋለሁ። እናቴ ግን በመሃል ገባችና የምነዳው እኔ ስለሆንኩ የምመርጠውም እኔ ነኝ አለች። ምን አገባት ብዬ ተናደድኩ። አጎቴ ዝም ማለቱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

እዚህ ላይ ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። እናቴ ዲንኪቱ ቤተ ክርስቲያናችን በሚያስተዳድረው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነበር የምትሠራው። አባቴ መምህር ገልገሎ ዲላ ሲማር እሷም አብራው ሄዳ ስለነበር፣ እዚያ ሥራ ከምትፈታ ብላ ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ተመልሳለች። የክሊኒኩ የአምቡላንስ ሹፌር ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ሲተው ለቦታው አመለከተች። ኮሚቴው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጸለየ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ከሊበን ገጠር ምጥ የጠናባትን ሴት የሚያነሣው ያ መኪና ነው። ሲብስ ደግሞ በቦሬ ተራራ በኩል ሐዋሳ ድረስ ይወስዳታል። ያን ቁልቁለት ሴት ትወርደዋለች ወይ ነው ክርክሩ።

እናቴም በወላዶች ላይ ልትሞክሩኝ ከፈራችሁ በወንድሜ ቆርቆሮ ሞክሩኝ አለቻቸው። ተጎታች አስከትላ ሐዋሳ ደርሳ፣ መኪናውም ሰውም ሳይጫር ከተመለሰች ቦታው የእሷ ይሁን፤ ካልሆነ ካርድ ክፍሏ ትመለስ ተባለ። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አቶ ያቤጽ ይህን ቃል በቃል በቃለ ጉባኤ ጻፈው። ጂሎም ከውድድሩ በፊት እጁ እንዲደክም ስላልፈለገ ደስታውን አልቻለውም። እንግዲህ እኔ የአጎቴ ዋንጫ ነው ብዬ ስብሰለሰልበት የከረምኩት ጉዳይ የእናቴ ፈተና ኖሯል።

ዓብዱልባሲጥ ፒክአፑን ለሙከራ ሲሰጠን ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ቮልሷ ተጎታቹ ላይ ተጭና፣ እናቴ ነድታ፣ ከከተማው ዳር ባለችው አጭር ቁልቁለት ወረደች። እኔ ታች ቆሜ እጠብቃለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ተጎታቹ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ መወዛወዝ ጀመረ፤ ፒክአፑም አብሮት ወገቡን ይነቀንቅ ጀመር። የሚጨፍር ነበር የመሰለኝ። እያጨበጨብኩ ዘለልኩ፤ ልጆቹም ተከትለውኝ ዘለሉ። እናቴ ታች ደርሳ ስትወርድ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ጂሎ ሞተሩ እንዴት ጉልበት እንዳለው ሲያወራ ከጨረሰ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«መጎተቱንስ ይጎትታል። መቼ እንደሚቆም የሚወስንለት ግን ተጎታቹ ነው» አለችና ቁልፉን ለዓብዱልባሲጥ በሁለት እጇ መለሰችለት።

እሷ ቀናተኛ ናት ብዬ ደመደምኩ። ቆንጆ ነገር አትወድም፤ እኔንም ፀጉሬን አጥብቃ የምትጎነጉነኝ ለዚሁ ነው ብዬ የቆየ ቂሜን ሁሉ አብሬ ቆጠርኩ።

ዱብሉቅ ያለ አንድ ሽማግሌ የሚሸጥ መኪና አላቸው የሚል ወሬ የመጣው በሳምንቱ ነው። አባቴ ፈተና ስለሚያርም ቀረ፤ እኔ አልቀርም ብዬ አልቅሼ ተከተልኩ። በዋጪሌና በአሬሮ በኩል አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ አቧራ እየበላን፣ ሲመሽ ደረስን። ጠዋት አባ ዱባ የተባሉት ሽማግሌ ቤት ስንሄድ ደጃፉ ላይ የቆመውን አይቼ ልቤ ወረደ። የሸራ ጣሪያ ያለው ረጅም አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ቀለሙ ምን እንደነበረ ራሱም የረሳው ይመስላል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ኩይሳ ነው። አባ ዱባ ለአሥራ አምስት ዓመት ውሃ በበርሜል፣ ጥጃ፣ ሙሽራና ሬሳ ሲያመላልሱበት ኖረው፣ አሁን ልጆቻቸው የጭነት መኪና ስለገዙ ሊሸኙት ነው።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላም መሆናችንን ጠየቁን።

«ናጋ፣ አባ ዱባ። ናጋ ኖት አንቱ?» አለች እናቴ። ሰላምታው ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጆቹን አዳርሶ ሲያበቃ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ስለ መኪናው ግን አንድም ቃል አልተነሣም። ጭራሽ ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ኑ ከብት እንይ ብለው ወደ ጉድጓዶቹ ይዘውን ሄዱ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ላም ልናይ ነው እያልኩ እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኩ።

የቦረና ጉድጓድ ላላየ ሰው ለመንገር ይቸግራል። ከብቶቹ ወደ ውሃው የሚወርዱበት መንገድ ራሱ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ግራና ቀኙ የአፈር ግድግዳ ነው። ከታች ውሃ የሚያቀባብሉት ጎልማሶች ዘፈን ይሰማል። ከላይ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይጠጣ የዋለ መንጋ የውሃው ሽታ ሸቶት ይተራመሳል። አባ ዱባ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙና ወደ መንጋው አመለከቱ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ከብት አንቺ ብታወርጂው የቱን ከፊት ታደርጊያለሽ?»

ጂሎ ሳይጠየቅ ቀደመና ሰማይ የሚወጋ ቀንድ ያለውን ነጭ ኮርማ አሳየ። የእኔም ምርጫ እሱ ነበር። እናቴ መንጋውን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ከመንጋው ዳር የቆመች፣ ሆዷ የተንዠረገገ፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ አሮጊት ላም አሳየች።

«ለምን እሷን?»

«የጠማው ከኋላ ይገፋል። ኮርማው ሲገፉት ይሮጣል፤ እሱ ከሮጠ ሁሉም ይሮጡና ታች ይተላለቃሉ። እሷን ቢገፏትም ግድ የላትም።»

አባ ዱባ እስኪያስላቸው ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎችም ሳቁ። እናቴን በሰው አገር ሲስቁባት እኔ አለቀስኩ፤ እናቴ ደግሞ ሞኝ ሆና አብራቸው ትስቃለች። ሽማግሌው ግን ልጃቸውን ጠርተው ቁልፉን አምጣላት አሉት። ከእኛ በፊት ሁለት ገዢዎች መጥተው ያንኑ ጥያቄ ተጠይቀው እንደነበርና ሁለቱም ኮርማውን አሳይተው ባዶ እጃቸውን እንደተመለሱ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

«መጎተት ማን ያቅተዋል? አህያም ይጎትታል» አሏት ቁልፉን ሲሰጧት። «ከኋላ ሲገፉት የሚቆም፣ እሱ ነው መኪና።»

እናቴ በሽማግሌው ቃል ብቻ አልገዛችም። ነጠላዋን ለእኔ አሸክማ ከመኪናው ሥር ገባች። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመፍቻ እያንኳኳች ድምፁን ሰማች፤ የመጎተቻው ጋንቾ የታሰረበት ቦታ ላይ ስንጥቅ አግኝታ ለጂሎ በጣቷ አስነካችው። ከዚያ መኪናውን በውሃ በርሜል አስሞልታ ዳገት ላይ ወጣች፤ መሃል ላይ አቁማ ፍሬኑን ረግጣ ብዙ ቆየች። ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጥ እንደሆነ እያየች ነበር። እኔ የተኛች መስሎኝ ከኋላ ሆኜ ድንጋይ እቆጥራለሁ። ስንጥቁን ጂሎ በወፍራም ብረት በይዶ ደፈነው። ስንሄድ አንዲት አሮጊት ወጥተው ጎማዎቹ ላይ ወተት ረጩ። ውሃ ጠፍቷቸው በወተት የሚያጥቡ መስሎኝ በጣም አዘንኩላቸው።

ነገሌ ተመልሰን ያችኑ ቁልቁለት እንደገና ስንሞክር ላንድሮቨሩ ንቅንቅ አላለም፤ ተጎታቹ ግን አሁንም ጭራውን ቆላ ቆላ አደረገ። እናቴ ወርዳ የተጎታቹን አፍንጫ ከጋንቾው ፈትታ በአንድ እጇ አነሣችው። እንደ ወንበር ተነሣላት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ክብደቷ በሙሉ ወደ ኋላ አድልቷል። አህያ እንኳ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ መሄድ እንደማትችል ጂሎን አስታወሰችውና ቮልሷ ዞራ እንድትጫን አዘዘች። ጂሎ የውድድር መኪና በቂጧ ሐዋሳ ልትገባ ነው ወይ ብሎ ሊሞት ደረሰ። እናቴ በየትም ትግባ፣ ብቻ ትግባ አለችው። ዞራ ስትጫን ተጎታቹ ልክ ገባ።

እንግዲህ አስቡት። በዓይነ ኅሊናዬ በነጭ ፒክአፕ እየተዘፈነልኝ የምገባ ልጅ፣ ኩይሳ ውስጥ በእናቴና በአጎቴ መሃል ተጣብቄ፣ ከኋላዬ እያፈገፈገች የምትመስል ቮልስ አስከትዬ ከነገሌ ወጣሁ። በየመንደሩ ልጆች ቮልሷን እያሳዩ ይንከተከታሉ። ክብረ መንግሥት አድረን በማግስቱ ቦሬ ስንወጣ ጉም ወረደብን፤ ቀጥሎ ዝናቡ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እናቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገባችና በዚያው ቀረች። ሞተሩ እያቃሰተ እንጎተታለን። ከኋላችን አይሱዙዎችና አውቶቡሶች ተደርድረው ጥሩምባ ይነፋሉ። እንጨት የተሸከሙ ልጆች በእግራቸው ቀደሙን፤ አንዱማ ዞሮ ምላሱን አወጣልኝ። ከሐፍረቴ ብዛት ተንሸራትቼ ወንበሩ ሥር ገባሁና የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ ተደበቅሁ። ሙቀቱ፣ የሞተሩ ማቃሰት፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ተደማምረው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ ፀሐይ ነው። አለታ ወንዶ ገበያ ዳር ቆመናል፤ ሴቶች አናናስ ይዘው መስኮቱን ያንኳኳሉ። ጂሎ ወርዶ ይመላለሳል። እናቴ ሞተሩን አጥፍታ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ተቀምጣለች። አናናስ ግዢልኝ አልኳት፤ አልመለሰችልኝም። ያኮረፈች መሰለኝ።

የሆነውን ጂሎ የነገረኝ በሠርጌ ዕለት፣ ትንሽ ሞቅ ሲለው ነው። ከቁልቁለቱ መሃል፣ ኩርባ ላይ፣ ግንድ የጫነ መኪና ጭቃ ይዞት መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል። ከጉሙ የተነሣ ያዩት እዚያው ሲደርሱ ነው። እናቴ ፍሬን ያዘች። ተጎታቹ ከነቮልሷ ከኋላ መጥቶ ገፋቸው። ላንድሮቨሩ ቁጭ አለ፤ ትንሽ ተንሸራተተ፤ ቆመ። በአፍንጫውና በግንዶቹ መሃል የቀረው አንድ ሰው ቢያሳልፍ ነው። ጂሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር። ሲገልጥ እናቴ ወደ እሱ ዞራ፣ በሹክሹክታ፣ «ሶሲን እንዳትቀሰቅሳት» አለችው።

ስለ ውድድሩ ብዙ የሚወራ የለም። ጂሎ ከጉጉቱ የተነሣ የዘይቱን ክዳን ሳይከድን ተነሣና በሦስተኛው ዙር ሐዋሳን በጭስ ሞላት። እኔ ቮልሷን አቅፌ አለቀስኩ። ሁሉ ነገር አልቆ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን በመልሱ ጉዞ እኔ የማላውቀው መዝሙር እያንጎራጎረች፣ እንደዚያው ስትጎተት ነገሌ አደረሰችን።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ ያቤጽ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ላንድሮቨሩን ዞረው፤ ተጎታቹን ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ ጎማ አየ። ጭረት የለም። ነገር ግን ጭረት አለመኖሩ የዕድልም ሊሆን ይችላል ተባለ፤ ጂሎ ደግሞ ወንድሟ ነውና ቃሉ አይታመንም። አንዱ ሽማግሌ ልጅቱ ትጠየቅ አሉ። ሌላው ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው አጉረመረሙ። አቶ ያቤጽ ግን ፊቴ ቁጢጥ አለና ጠየቀኝ።

«ሶሲ፣ የቦሬን ቁልቁለት እናትሽ እንዴት ነዳችው?»

እናቴን አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች፤ ነጠላዋን በጣቷ ትጠቀልላለች። ያ ሁሉ ሰው ከቧት ስትቆም ያን ቀን ብቻዋን መሰለችኝ። አንጀቴን በላችው፤ ላድናትም ቆረጥኩ።

«በረረች» አልኩ። «አይሱዙዎቹን ሁሉ ቀደመቻቸው። ማንም አልደረሰብንም።»

የአቶ ያቤጽ እስክሪብቶ ቆመ። የተደነቀ መሰለኝና ጨመርኩለት።

«ፍሬን እንኳ አልያዘችም።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ያ አጉረምራሚ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ያቤጽ እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ቀና ብሎ አየኝ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዬም እሱ ነበር።

«ሶሲ፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እውነት ነው?»

እንባዬ ቀደመኝ።

«ውሸቴን ነው። እየተንፏቀቀች ነው የነዳችው። መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ነፋብን። እንጨት የተሸከሙ ልጆች ቀደሙን። እኔ አፍሬ ወንበር ሥር ተደበቅሁ። ከዚያ...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተኛሁ።»

«የት ስትደርሱ ነቃሽ?»

«አለታ ወንዶ።»

«የቀረውን ቁልቁለት በሙሉ ተኝተሻል?»

«አዎ። ምንም አላየሁም።»

አቶ ያቤጽ ዝቅ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ብዙ ጻፈ። ቀና ብዬ ሳይ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ታለቅሳለች። ሮጬ የውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደበቅሁ። እናቴ ቀርፋፋ መሆኗን ለአገር ሁሉ ተናግሬ ሥራዋን አሳጣኋት።

ሰኞ ጠዋት የአምቡላንሱን ቁልፍ ይዛ ስትወጣ ሳይ አዝነውላት ነው ብዬ አሰብኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ስትነዳው፣ ከሊበን በረሃ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ስታመላልስ፣ ስንቱ ልጅ በእሷ መኪና ተወልዶ ስሙ ናጋ ሲባል፣ እኔ ልቤ ውስጥ ያችን እሑድ ይቅር አላልኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔስ ማደሩ በዛ።

አምና የክሊኒኩ አሮጌ ወረቀት ሲጸዳ ያን ገጽ ለእናቴ አምጥተው ሰጧት። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አገኘሁት። የአቶ ያቤጽ ጠባብ ጽሕፈት መኪናው አለመጫሩን፣ ጎማው አለመበላቱን ይዘረዝራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የልጇ ምስክርነት፤ ከቦሬ እስከ አለታ ወንዶ ተኝታለች። ኮሚቴው ከዚህ በላይ ምስክር ስለማያስፈልገው ቦታው የእሷ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከወዲያ ወንበሯ ላይ ሆና መነጽሯን እየጠረገች ታየኛለች።

«እማዬ፣ ታዲያ ያን ቀን ለምን አለቀስሽ?» አልኳት።

«እሱማ የዚያን ቀን ለቅሶ አይደለም» አለችኝ። «ግንዱ ፊት ስንቆም የመጣብኝ ነው። አንቺ እንዳትነቂ ብዬ ይዤው ቆየሁ።»